ከአንድ እስከ አስር

መምህርቷ ከአንድ ወር የሥራ ጉዞ ተመልሳ የቢሮዋን በር ስትከፍት፣ በበሩ ሥር የገባ አንድ ፖስታ ጫማዋ ላይ መጣ። የእጅ ጽሑፉን ገና ስታየው ልቧ ዘለለ። የመካኒኩ ነው፤ በልብስ ፋብሪካው ያገኘችውና የወደደችው ሰው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ በሩንም ሳትዘጋ፣ እንደቆመች ቀደደችው።

«ስምንት ሰው ከአዳራሹ ተነቅሏል። ስምንታችንም አንቺ በወረቀትሽ ላይ ያከበብሽን ነን። ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላየው።»

ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ፊርማ የለው። የተጻፈበት ቀን ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖታል።

መጀመሪያ ስታነበው አልገባትም። ሁለተኛ ስታነበው ‹ያከበብሽን› የሚለው ቃል ላይ ቆመች። ሦስተኛ ስታነበው ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ወጣ፤ በማን ላይ እንደተናደደች ግን ገና አላወቀችም። ወሩን ሙሉ ከሄደችበት ከተማ ሁለት ደብዳቤ ጽፋለት መልስ አጥታለች። ስልኩ ዝግ ነው። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ስትል፣ ሲብስባት ደግሞ «ሌላ አግኝቶ ይሆናል» ስትል ስትብሰለሰል ነው የከረመችው። ለካ እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ከዳተኛ እያላት ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነው።

መምህርቷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ምርምሯ ግን ሰው ላይ ነው። ሐሳብ በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚበቅልና እንዴት እንደሚዛመት በቀመር ታጠናለች። ለተማሪዎቿ ስታስረዳ፣ «ሰው ‹ሐሳቤ› የሚለው ነገር ግማሹ የራሱ አይደለም» ትላለች። «የዛሬ ሳምንት የምታስቡት፣ ዛሬ ከምታስቡትና የምትሰሟቸው ሰዎች ከሚያስቡት የተቀላቀለ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ እነሱ ትጠጋላችሁ፤ እነሱም ወደ እናንተ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛል። ግትሮች ከሌሉ ነው ታዲያ!» ግትር የምትለው ሌላውን እየሰማ የራሱን ግን ንቅንቅ የማያደርገውን ሰው ነው። ጥቂት ግትሮች አዳራሽ ሙሉ ሰው ወደ ራሳቸው ስበው ያቆያሉ።

ይህን በእውነተኛ ሰዎች ላይ የምታይበት ቦታ ስትፈልግ፣ አጎቷ የሚመሩትን የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከፈቱላት። እናትና አባቷን ካጣች ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እስካሁንም የምትኖረው እሳቸው ቤት ነው። «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ በፊታቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

የስፌት አዳራሹ መቶ አርባ ሠራተኛ አለው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አስተዳደሩ አዲስ ፈረቃ ሊያመጣ አስቧል፦ በቀን አስራ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ሠራተኛው ድምፅ ካልሰጠበት ግን አይጸናም። መምህርቷ ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ወረቀቷን ይዛ በየወንበሩ ትዞራለች። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቀው። «ስለ አዲሱ ፈረቃ ያለሽ ሐሳብ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው? ስለዚህ ጉዳይስ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?» አንድ ማለት ጨርሶ አልፈልግም፣ አስር ማለት እሰየው ነው። «ስማችሁን አልጽፍም» ብላ ቃል ገብታላቸዋለች፤ አልጻፈችምም።

ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «ከአንድ እስከ አስር መጣች!» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ቁልፍ የምትተክለው ዝምተኛ ሴት፣ ሁልጊዜ «አምስት» ብቻ ስለምትል፣ ስሟ «አምስቷ» ሆኖ ቀረ። ሥራዋ ጨርቅ ቆራጭ፣ ጠባይዋ ቆራጥ የሆነችው አዛውንት ደግሞ፣ «እኔ የምለው፣ ዜሮ የሚባል ቁጥር አልተማርሽም?» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። እሷን ሁሉም «እትዬ ቆራጥ» ነው የሚላት።

የማሽን መካኒኩን ያገኘችው አንድ የተበላሸ ማሽን ሥር በጀርባው ተኝቶ ነው። ወረቀቱን ስትዘረጋለት ከሥር ሆኖ፣

«የኔ ሐሳብ ቁጥር የለውም» አላት።

«ሁሉም ነገር ቁጥር አለው።»

«እንግዲያው አንቺ ስንት ነሽ?»

ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቀጣዩ ወንበር ሄደች። በሳምንቱ ስትመለስ ሳይጠየቅ «አስር» አላት።

«አዲሱን ፈረቃ ወደድከው ማለት ነው?»

«ስለ ፈረቃ ማን አወራ?»

ከዚያ በኋላ ዓርብ እስኪደርስ ሳምንቱ አልሄድ ይላት ጀመር። በዘይት የጠቆሩ ጣቶቹን፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ሳይነቅል የሚያዳምጥበትን ሁኔታ ወደደችው። ቀመሯን ያቃናላትም እሱ ነው። «ሰው እኮ የሚሰማው የሚወደውን ብቻ አይደለም፤ የሚፈራውንም ነው» ሲላት፣ ፈገግ ብላ ሄዳ ፍርሃትን ጨመረችበት። አንድ ቀን የአዳራሹን ስዕል አሳየችው። መቶ አርባ ነጥብ፣ በነጥቦቹ መሀል መስመር፣ ስምንቱ ነጥቦች በቀይ ተከበዋል። «እነዚህ ግትሮቹ ናቸው። አንተም አለህበት» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ።

አሁን፣ ደብዳቤውን እንደያዘች፣ ያን ሳቅ አስታወሰች። ስዕሉን የሚያውቁት እሷና እሱ ብቻ መስለውት ኖሯል። ታዲያ ማንን ይጠርጥር?

ሻንጣዋን ጥላ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ እንደ ወትሮው ይጮኻሉ። ስምንት ቦታ ላይ የማታውቀው ሰው ተቀምጧል። የእትዬ ቆራጥ ጠረጴዛ ጋ አንድ ወጣት መቀሱን አላስኬድ ብሎት ይታገላል። መምህርቷ ስትገባ ድሮ እጅ የሚያወዛውዙላት ሴቶች ዓይናቸውን መርፌያቸው ላይ ተከሉ። አንዲቷ ቀና ሳትል፣

«ዛሬ ደግሞ ስንት በሉ ልትይን ነው?» አለቻት።

«የት ሄዱ?» አለች መምህርቷ።

«አታውቂም? ከተማ ዳር ያለው መጋዘን ነዋ! ስምንቱንም፣ ለያይተው፣ በተለያየ ፈረቃ፣ እርስ በርስ እንዳይተያዩ። እትዬ ቆራጥ በዚያ ወገቧ ጥቅል ጨርቅ ትሸከማለች። አንቺም በዚያው ሳምንት ጠፋሽ። ወረቀትሽ ግን አልጠፋም።»

«የምን ወረቀት?»

«በየዓርቡ የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊው ያመጣዋል። ‹የመምህርቷ ነው› ይለናል። አሁን ግን ስም ጻፉ ይላል።»

መምህርቷ ወደ አምስቷ ዞረች። አምስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ያ ፊት መዞር ግን አጥንቷ ድረስ ገባ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። አጎቷ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«መጣሽ የኔ ልጅ! ነይ፣ ነይ፣ ይኸን እዪ።» አንድ ወረቀት ገፉላት። «ሠራ! ቀመርሽ ሠራ። ከወር በፊት የአዳራሹ አማካይ ሦስት ነበር። ዛሬ ስድስት ደርሷል። ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል፤ አንቺ ቆመሽ ጥናቱን ታቀርቢልናለሽ።»

ወረቀቱን አየችው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። መስመሩ የሚወጣው እሷ ይወጣል ባለችበት መንገድ ነው። ቀመሯ ልክ ነበር። ከሁሉም በላይ ያመማት ይህ ነው።

«ስም አልጻፍኩም» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ማን ዝርዝሩን ሰጥቶዎት ነው?»

«ዝርዝር ለምኔ?» መሳቢያቸውን ከፍተው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ይኸን ማን ሳለው?»

የራሷ እጅ ነው። ትዝ አላት። አንድ እሑድ ምሳ በልተው ሲጨርሱ አጎቷ፣ «እስቲ ይኼ ሥራሽ ምንድን ነው? አስረጂኝ» አሏት። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ደስታዋ ወሰን አጣ። ወረቀት አምጥታ፣ ነጥቦቹን ደርድራ፣ ስምንቱን አክብባ፣ «እነዚህ ባይኖሩ የሚቀሩት ግትሮች አለቆቹ ብቻ ናቸው፤ በአምስት ሳምንት የአዳራሹ ሐሳብ ይገለበጣል» አለች። የተናገረችው እንደ ጉድ ነገር፣ እንደ ሒሳብ ጨዋታ ነበር። ነጥቦቹን ግን አዳራሹ እንደተደረደረ ነበር የደረደረቻቸው፤ ስድስት ረድፍ፣ ወንበር በወንበር።

«ስም ምን ያደርግልኛል?» አሉ አጎቷ። «ማን የት እንደሚቀመጥ አላውቅም እንዴ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ እኔን አምነው ነው የተናገሩት።»

«እኔስ አንቺን አምኜ አይደል ፋብሪካዬን የከፈትኩት? ማንንም አላባረርኩም። አዛወርኩ።»

«በስሜ ጸሐፊ ልከዋል! ስም እያስጻፈ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።» ድምፃቸው ቀዘቀዘ። «ነገሩ የሠራተኞቹ ብቻ መስሎሽ ነው? ዓርብ ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ ደህና ማሽን ሥር የሚተኛ መካኒክ የት አገር አለ? የማላይ መሰለሽ? ያስተማርኩሽ ለዘይት እጅ አይደለም። እሱንም አብሬ ጨረስኩልሽ፤ አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።»

በዚህ ጊዜ ውስጧ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአክብሮት የታሰረ ምላሷ ተፈታ።

«ሌባ ነህ» አለችው።

ነህ! አንተ! ቃሉ ሁለቱንም አስደነገጣቸው። አጎቷ እንደተመታ ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ማንን ነው?»

«አንተን። እነሱ ለኔ የሰጡኝን ሰርቀህ እነሱን መታህበት። የሰጠሁህ ደግሞ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ስለጠየቅኸኝ። አንድ ቀን!»

«ከቤቴ ውጪ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬውኑ።»

«ወጥቻለሁ» አለችና በሩን ወርውራው ወጣች። አባት ሁለት ጊዜ የሞተባት መሰላት፤ ግን አላለቀሰችም፤ ለለቅሶ የሚሆን ቦታ ንዴቷ አልተወላትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመካኒኩን ቤት በር አንኳኳች። እናቱ ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣

«‹የለም በያት› ብሎኛል» አሏት።

«እማማ፣ አለ ማለት ነው?»

«እኔ የታዘዝኩትን ተናግሬያለሁ፤ ሌላ አላውቅም» ብለው በሩን እንደተከፈተ ትተውላት ገቡ።

መካኒኩ ግቢው ውስጥ ነበር፤ ከመጋዘን ገና መመለሱ ነው። ትከሻው ላይ የጥቅል ጨርቅ ማሰሪያው ሰንበር አውጥቶበታል። ሲያያት ዓይኑ ለአፍታ ቦግ አለ፤ ወዲያው እንደ መዝጊያ ተዘጋ።

«ጻፍኩልሽ እኮ።»

«ትናንት ነው ያገኘሁት። ሰርቀውኝ ነው ብልህ ይቀለኝ ነበር። አልሰረቁኝም። እኔው ነኝ የነገርኩት። ለአጎቴ፣ በገዛ እጄ ስዬ፣ በገዛ አፌ።»

ያላሰበው ነገር ነው፤ ምክንያት ትደረድራለች ብሎ ነበር የጠበቀው።

«ለምን?»

«ስለጠየቀኝ። አሳዳጊዬ አንድ ቀን ስለ ሥራዬ ስለጠየቀኝ ደስ ብሎኝ።»

«እኛም እኮ ስለጠየቅሽን ነው የነገርንሽ» አላት። «እትዬ ቆራጥን ስለ ኑሮዋ ስንት ዓመት ማንም አልጠየቃትም። አንቺ ወረቀት ይዘሽ መጣሽ፤ ደስ አላት፤ ልቧን ከፈተችልሽ። አሁን ከነወገቧ እዚያ ትማቅቃለች።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! እኔን በቀይ ስታከቢኝ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?»

«ያከበብኩህ ስለማትነቃነቅ ነው። የወደድኩህም ለዚያው ነው!»

«እንግዲያው ደህና አድርገሽ አስነቀልሽኝ።»

እንባዋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ቀደመው።

«አንተስ? ስምንት ወር አውቀኸኛል! ስምንት ወር ዓይን ዓይኔን ስታይ ከርመህ ሦስት መስመር? ሰው ሲከሰስ እንኳ ‹ምን ትላለህ› ይባላል። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልህ።»

«አልከፈትኳቸውም።»

«አፍ የለህም? እግር የለህም? ‹አንቺ ነሽ ወይ?› ብሎ መጠየቅ ያቅትሃል?»

«ብጠይቅሽ ኖሮ ‹አዎ እኔ ነኝ› ነበር የምትዪኝ! ይኸው አልሽኝ እኮ!»

የጎረቤት መስኮት ሲከፈት ተሰማ። መካኒኩ ጨርቅ አንሥቶ፣ ንጹሕ የሆነውን እጁን ደጋግሞ ጠረገ።

«አስር ያልኩሽ ቀን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተሳስቻለሁ።»

መምህርቷ ወጥታ መንገዱን ስታቋርጥ የመኪና ጥሩምባ ጮኸባት፤ አልሰማችውም። በደረቷ ውስጥ የሚጮኸው ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኖቹ ቆሙ። መቶ ሠላሳ ሁለቱ ሠራተኞችና አዲሶቹ ስምንት ሰዎች መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። አጎቷ ከፊት ቆሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዟል።

«ይኸ የኔ ወሬ አይደለም» ይላል። «የዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ሐሳባችሁ በፈቃዳችሁ ከሦስት ወደ ስድስት ማደጉን ሳይንስ ያረጋገጠው ነው።»

«ጥናቱ የኔ ነው። እኔው ልናገር» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ጥበቃው የሥራ አስኪያጁ ልጅ ናት ብሎ ነው ያስገባት፤ አታስገባት ያለው የለም። አጎቷ አፉን ከፈተና ዘጋው። ጥናቷን ጠርቶ የማለባትን ሴት፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት እንዴት ያስወጣታል?

መምህርቷ ወደ ፊት ሄደች። ሦስት መቶ ተማሪ ፊት ቆማ አልፈራችም፤ እነዚህን ሴቶች ግን ፈራቻቸው።

«በፈቃዳችሁ አይደለም» አለች። «ሰው ሐሳቡን የሚይዘው አጠገቡ ካሉት ጋር ተደጋግፎ ነው። አንዷ ‹አይሆንም› ስትል ሌላዋ ልብ ታገኛለች። እኔ ወራት ሙሉ እየዞርኩ፣ እዚህ ማን ለማን ልብ እንደሚሰጥ ጠየቅኋችሁ። ነገራችሁኝ። እኔ ደግሞ ለአጎቴ ነገርኩት። እነዚህ ስምንት ሰዎች ቢነሡ ሐሳባችሁ ይገለበጣል አልኩት። አነሣቸው። ሐሳባችሁ አልተለወጠም፤ አጠገባችሁ ‹አይሆንም› የሚል ሰው ስለጠፋ፣ እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን የቀራችሁ መሰላችሁ። በየዓርቡ በስሜ የመጣው ወረቀት የኔ አይደለም። ስማችሁን የጻፋችሁትም ለእሱ ነው። የዚህን ሁሉ በር የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ አልልም። የነገርኳችሁ ማወቅ ስላለባችሁ ነው።»

መምህርቷ ዛሬ ሐሙስ የአዳራሹ አማካይ ስንት ሊሆን እንደሚገባው በልቧ ታውቀዋለች፤ ከስድስት በላይ ነው። ቀመሩ እንደዚያ ይላል። እጃቸውን ያወጣሉ፣ ነገሩም ያልቃል ብላ አንገቷን ደፋች።

ከኋላ ወንበር ተጎተተ። ቁልፍ ተካይዋ፣ አምስቷ፣ ቆማለች።

«እኔ» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ብዙ ነበር። «እኔ ስምንት ወር አምስት ስል የኖርኩት ሐሳብ ስለሌለኝ አይደለም። ፈርቼ ነው። እትዬ ቆራጥ በኔ ፋንታ ስለምትናገር፣ እኔ ዝም ማለት እችል ነበር። እሷን ሲወስዷት ግን፣» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ «አንድም ቀን የት ደረሰች አላልኩም። ባለፈው ዓርብ ሰባት ብያለሁ። ከነስሜ! አፍሬያለሁ።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ጌታዬ፣ እኛን እንደ ቁልፍ ነቅለው እንደ ቁልፍ ሊተክሉን ነው? ስምንቱ ካልተመለሱ እጄን አላነሣም። ለመስፋትም አላነሣም።»

ከዚያ መምህርቷን አየቻት።

«አንቺንም አልማርኩሽም። እወቂው።»

መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ተነሡ። ቀጥሎ አንድ ረድፍ። ቀጥሎ ወንበር የሚጎተትበት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አጎቷ «ተቀመጡ!» እያለ ጮኸ፤ አለቆቹ ወዲያ ወዲህ ሮጡ፤ የሰማቸው የለም። ሴቶቹ ወደ ስፌት አዳራሹ ተመለሱ፤ በየማሽናቸው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። አንድም መርፌ አልተንቀሳቀሰም።

መምህርቷ ብቻዋን ባዶ ወንበሮች መሀል ቆማ ቀረች። ሲያልፉ አንዳቸውም እጇን አልነካትም፤ አንዳቸውም አላመሰገናትም። የቆጫትን ያህል ኮራችባቸው።

ዓርብም እጃቸው ጭናቸው ላይ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ስምንቱ ተመለሱ። እትዬ ቆራጥ ስትገባ ወጣቱን ከጠረጴዛዋ ገፍታ፣ መቀሱን አይታ፣ «ይኼን መቀስ ማን አባቱ ነው ያደነዘዘው?» አለች ይባላል። ድምፅ መስጠቱ በስምንቱ ፊት ተካሄደ፤ አዲሱ ፈረቃም ወደቀ። መምህርቷ ይህን የሰማችው ከሩቅ ነው። ሻንጣዋን ይዛ የሥራ ባልደረባዋ ቤት ተጠግታለች። አጎቷ አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም።

ሰኞ እኩለ ቀን ትምህርቷን ጨርሳ ተማሪዎቹ ሲወጡ፣ ሰሌዳውን እየጠረገች፣ አንድ ሰው ከመጨረሻው ረድፍ አለመነሣቱን አየች። መካኒኩ ነበር። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው።

«መቼ ገባህ?»

«ስትጀምሪ። ግማሹ አልገባኝም። ሌላው ግማሽ ደግሞ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ሰው በመጨረሻ አንድ ቦታ ይገናኛል ያልሽው።»

ዳስተሩን አስቀመጠች። ሁለቱም በመካከላቸው ያለውን የባዶ ወንበር ብዛት የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም» አለ።

«እኔም አልጠበቅሁም።»

«ሐሙስ ያደረግሽውን ሰምቻለሁ። ደግ አደረግሽ። ግን በደሉን አያካክስም። እትዬ ቆራጥ ዛሬም ጎንበስ ማለት አትችልም።»

«አካካስኩ አላልኩም።»

«ደብዳቤዎችሽን ትናንት ከፈትኳቸው።» ድምፁ ተሰበረ፤ ስለተሰበረበትም ተናደደ። «ባልከፍታቸው ይሻለኝ ነበር። በደንብ እንዳልጠላሽ አደረጉኝ። እኔ ደግሞ ተናድጄ ገና አልጨረስኩም! ገና ነኝ!»

«እኔስ የጨረስኩ መሰለህ?» ዓይኗ ሞላ። «ባንተ ተናድጃለሁ። ‹ተሳስቻለሁ› ያልከኝን ቀን መቼም አልረሳልህም። በጋሼ ተናድጃለሁ። በራሴማ አትጠይቀኝ፤ ራሴን መስታወት ውስጥ ማየት አስጠልቶኛል።»

መካኒኩ ተነሣ። ረድፉን ሁሉ አቋርጦ ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ ቆመ። እንደ ድሮው ዓይኑን ሳይነቅል አያት።

«እናቴ ‹አምጣት› ብላኛለች።»

«ለምን?»

«ልትሰድብሽ። ሦስት ቀን ስታዘጋጅ ነው የሰነበተችው።»

ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር ለስምንት ቀን ያፈነችው እንባ አብሮ ወጣ።

«አንተስ?»

«እኔ መንገድ ላይ እጀምራለሁ» አለና ቦርሳዋን አንሥቶ ትከሻው ላይ፣ ሰንበሩ ላይ፣ አንጠለጠለው።

ወጡ። በግቢው መሀል፣ ተማሪ እያያቸው፣ በእውነትም ጀመረ። ስለ እትዬ ቆራጥ ወገብ ተናገራት፤ ስለ መጋዘኑ፣ በየቀኑ በሩን እያየ እሷን ስለጠበቀባቸው ሦስት ሳምንታት ተናገራት። አንዳንዱ ቃሉ ጨክኖ ይመታታል። ሸሽታ አታውቅም፤ ዛሬም አልሸሸችም። በር ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ አጠረውና ዝም አለ፤ ያሳመማት መሰለው።

«ቀጥል» አለችው ጉንጯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «እየሰማሁህ ነው።»